ሃይ ዊኮም፥ የወንበር አገር

አንባቢ ሆይ! ይህን ጽሑፍ የምታነበው ምናልባት በመሥሪያ ቤትህ ወይም በትምህርት ቤትህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ይሆናል። ወደ ኋላ ጋደል ስትል ወንበሩ ሲጢጥ ካለ፥ ጥፋቱ የምስማሩ ወይም የኮላው ሳይሆን በመጋጠሚያው ውስጥ የተሰወረው የድቡልቡሉ እንጨት ሊሆን ይችላል። የዚህን እንጨት ነገር ለመረዳት እስቲ ወደ እንግሊዝ አገር እንጓዝ።

በሎንዶን ከሜሪልቦን ጣቢያ ባቡር ብትሳፈር፥ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሃይ ዊኮም ከምትባለው ከተማ ትደርሳለህ። ከተማዪቱ በአንዲት ትንሽ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ የተዘረጋች ስትሆን፥ ዙሪያዋን የቺልተርን ኮረብቶች ከበዋታል። በኮረብቶቹ ላይ ቢች የተባለው ዛፍ በብዛት ይበቅላል። ዛፉ ለከተማዪቱ ሙያ ሰጣት፤ ሙያውም ስም ሰጣት። በ1870ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በቀን 4,700 ወንበር ይሠራባት እንደ ነበር ይነገራል። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1877 በዚያ ስታልፍ፥ ሕዝቡ የተቀበላት ወንበር በወንበር ላይ ደርድሮ በሠራው ቅስት ነበር። የከተማዪቱ የእግር ኳስ ቡድን ዊኮም ዋንደረርስም እስከ ዛሬ ቅጽል ስሙ «የወንበር ልጆች» ነው።

አሁን ደግሞ ከከተማው ወጥተህ ወደ ጫካው ግባ። የወንበሩን እግሮችና እግሮቹን የሚያያይዙትን አግዳሚዎች የሚያዘጋጁት ሰዎች ቦጀር ይባሉ ነበር፤ የሚሠሩትም ዛፉ በወደቀበት ስፍራ ነበር። ግንዱን ቈርጠው፥ ፈልጠውና በመጥረቢያ ጠርበው በቶርኖ ያዞሩታል። ቶርኖው ሞተር አልነበረውም፤ የጐበጠ ለጋ ዛፍ፥ ገመድና የእግር መርገጫ ይበቃው ነበር። ሠራተኛው ሲረግጥ እንጨቱ ወደ እርሱ ይዞራል፥ መሮውም ይልገዋል፤ እግሩን ሲያነሣ ለጋው ዛፍ ገመዱን ስቦ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ሒሳቡ በ144 እግር እየተቈጠረ ይከፈለው ስለ ነበር፥ እጁ ፈጣን መሆን ነበረበት። ሙያው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከጫካው ጠፋ።

ነገር ግን ፍጥነቱ የማይሠራበት አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም መድረቅ ነው። እርጥብ እንጨት ለመሮ ይመቻል፤ ሲደርቅ ግን ይኰማተራል፥ ያውም በሁሉም በኩል እኩል አይደለም። ቢች ፈጽሞ ሲደርቅ፥ የዕድሜውን ቀለበት ተከትሎ ወደ 12 ከመቶ፥ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ባለው በኩል ግን ወደ 6 ከመቶ ብቻ ይቀንሳል። ስለዚህ ትናንት ፍጹም ክብ የነበረው እንጨት ሲደርቅ ሞላላ ይሆናል። ሞላላው ከክቡ ቀዳዳ ሲገባ በአንድ በኩል ይጠብቃል፥ በሌላ በኩል ይላላል፤ ወንበሩም ይነቃነቃል። ስለዚህም የተዘጋጁት እግሮች ተከምረው ነፋስ እንዲያደርቃቸው ይተዉ ነበር።

ዛሬ የእንጨት ማያያዣ ችንካር በመኪና ቢሠራም፥ ሕጉ ያው ነው። በመጀመሪያ እንጨቱ ይደርቃል። ከዚያም አራት ማዕዘን የሆነው ዘንግ እየተገፋ በሚሽከረከር ስለት መካከል ያልፍና ክብ ሆኖ ይወጣል። መኪና የሌለው አናጢ ደግሞ በወፍራም ብረት ላይ በልኩ ቀዳዳ በስቶ፥ ዘንጉን በመዶሻ እየመታ ያሳልፈዋል፤ የቀዳዳው ጠርዝ ትርፉን ይልጠዋል። ለዚህም በመጋዝ ከተሰነጠቀው የተፈለጠው ይመረጣል፤ ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለማይቈረጥ ጠንካራ ነው። ብልህ ሠራተኛ ችንካሩንና ቀዳዳውን አስቀድሞ በቁራጭ እንጨት ላይ ያስተያያል፤ 10 ሚሊሜትር የተባለ መሰርሰሪያ ሁልጊዜ ልክ 10 አይበሳምና።

ወደ ከተማው ስትመለስ በዊኮም ሙዚየም የተቀመጡትን የጥንት ወንበሮች ተመልከት። በጫካ ውስጥ እግሮቹን ያዞሩት ሰዎች ስማቸው ተረስቷል፤ ሥራቸው ግን ቆሟል። እንጨትን ክብ ማድረግ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ክብ ሆኖ እንዲኖር ማድረግ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» ይል የለምን የአገራችን ሰው?

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ወንበርህ ሲጢጥ ሲል ምስማር ለመምታት አትቸኵል። ገልብጠህ መጋጠሚያውን እይ፤ የላላው ችንካር ክብ ወይም ሞላላ መሆኑን መርምር። ያን ጊዜ የወንበሩን ሠሪ ትዕግሥት ወይም ችኰላ በዓይንህ ታያለህ።