ሃምሳ ሎሚ

ደብዳቤው የደረሰኝ በታኅሣሥ አጋማሽ ነበር። ፖስታውን ስከፍተው ስሜ በጉልህ የታተመበት የወረቀት ካርድ ወደቀ። ላኪው ኤኤአርፒ የተባለው የአሜሪካ ጡረተኞችና አረጋውያን ማኅበር ሲሆን፣ 50 ዓመት ሊሞላኝ መሆኑን ጠቅሶ አባል እንድሆን ይጋብዘኛል። እናቴ ዕድሜዬን የምትቆጥረው «ንጉሡ በወረዱ በዓመቱ» እያለች ነው፤ ወሩን እሷም በእርግጠኝነት አታውቀውም። የስደት ወረቀቴ ግን፣ እንደ ብዙዎቻችን ወረቀት፣ ጃንዋሪ አንድ ይላል። እናቴ ያልቆረጠችውን ቀን ማኅበሩ ቆርጦታል። ባለቤቴ ካርዱን አገላብጣ አየችና «እርጅና በፖስታ ቤት መጣብህ» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔም ሳቅኩ። ካርዱን ግን አልጣልኩትም። ማታ ቡናው ሲፈላ እስክሪብቶ አንሥቼ፣ አባልነቱ ያዋጣ እንደሆነ ሒሳብ መሥራት ጀመርኩ።

ክፍያው በዓመት 20 ዶላር ገደማ ነው፤ በዚያው ቤት ለሚኖር ሁለተኛ ሰው ተጨማሪ አይጠየቅም። በልዋጩ ሆቴል፣ የኪራይ መኪና፣ መነጽርና አንዳንድ ምግብ ቤት በቅናሽ ይገኛል። በሌሊት 150 ዶላር የሚያስከፍል ሆቴል 10 በመቶ ቢቀንስ፣ ሁለት ሌሊት ያደረ ሰው 30 ዶላር ተረፈው ማለት ነው። ችግሩ፣ እኛ ሆቴል አናድርም። ዳላስ ስንሄድ አክስቴ ቤት፣ አትላንታ ስንሄድ የባለቤቴ ወንድም ቤት ነው የምናርፈው፤ ሆቴል ብንይዝ የሚቀየመን ሰው ብዙ ነው። በማኅበሩ ስም የሚሸጡ የመድን ውሎችም አሉ። ሻጮቹ ኩባንያዎች በስሙ ስለተጠቀሙ ለማኅበሩ ይከፍላሉ፤ ማኅበሩም ከዚህ የሚያገኘው ገቢ ከአባላት መዋጮ ይበልጣል። ስለዚህ ስሙን ብቻ አይቶ ከመፈረም በፊት የሌላውንም ዋጋ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሁሉ ይልቅ ይጠቅመኛል ያልኩት፣ በጎ ፈቃደኞች የዓመቱን ታክስ በነፃ የሚሞሉበት አገልግሎት ነበር። እሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ አባል ላልሆነም ሰው ክፍት ነው። ሒሳቡ «ይቅርብህ» አለኝ።

ከመተኛቴ በፊት የማኅበሩን አመሠራረት አነበብኩ። መሥራቿ ኤቴል ፐርሲ አንድረስ በሎስ አንጀለስ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ነበሩ፤ በ1944 ጡረታ ወጡ። አንድ ቀን ስለ አንዲት ጡረታ የወጣች መምህርት ሰምተው ሊጠይቋት ቢሄዱ፣ ያገኟት የዶሮ ቤት ውስጥ ስትኖር ነበር ይባላል፤ ገቢዋ ከዚያ የተሻለ መጠለያ አያከራያትም። አንድረስ በ1947 የጡረተኛ መምህራንን ማኅበር አቋቋሙ። አረጋውያንን የሚቀበል የጤና መድን ፍለጋ የኩባንያዎችን በር ሲያንኳኩ ቆዩና በ1958 ኤኤአርፒን መሠረቱ። ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የአረጋውያን መድን ሊታወጅ ገና ሰባት ዓመት ይቀረው ነበር።

ያ የዶሮ ቤት ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ሴትየዋን ያገኛት ሊጠይቃት የሄደ ሰው ነው። ይህን ሳስብ አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ አዲስ አበባ ሲያርፍ እኔ ሜሪላንድ ነበርኩ። ትኬት ቆርጬ እስክደርስ ቀብሩ አልቋል። ድንኳኑን የተከለው፣ ወንበሩን ያመጣው፣ ሬሳውን የተሸከመው፣ ከእናቴም ጋር የተቀመጠው ዕድሩ ነው። አባቴ በየወሩ የሚያዋጣት ብር ጥቂት ነበረች፤ እኔ ከልጅነቴ የማስታውሰው ቅጣቱን ነው። ጥሩምባ ተነፍቶ ከቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል። አባቴ ትኩሳት ይዞት፣ ጋቢውን ተከናንቦ ሲወጣ አይቼ ዕድሩን ጨካኝ ብዬው ነበር። የቅጣቱ ትርጉም የገባኝ ለቅሶ ቤቱ የደረስኩ ቀን ነው፤ ልጁ ስቀር እነሱ አልቀሩም።

ኤኤአርፒ ማንንም አይቀጣም። ወደ 38 ሚሊዮን አባላት አሉት፤ አንዱ ቢታመም ሌላው አይሰማም። ኃይሉ ብዛቱ ነው። ሜዲኬር የመድኃኒት ዋጋ እንዲደራደር የፈቀደው፣ በሜዲኬር ለሚታከሙም የኢንሱሊን ክፍያ በወር ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ ያደረገው የ2022 ሕግ እንዲወጣ ከወተወቱት አንዱ ይኸው ማኅበር ነበር። ስኳር ያለባቸው እዚህ ያሉ እናቶቻችን አባል ሆኑም አልሆኑም ከሕጉ ተጠቅመዋል። የሰፈር ዕድር ኮንግረስ ደጅ ሊጠና አይችልም፤ ኤኤአርፒም ንፍሮ አይቀቅልም።

ስለዚህ 20 ዶላሩን እንደ ግዢ ከመዘንኩት ለእኔ ቤት አያዋጣም፤ ብዙ ለሚጓዝ ሰው ያዋጣ ይሆናል። እንደ መዋጮ ሳየው ግን የማላውቃት አንዲት መምህርት ከዶሮ ቤት እንድትወጣ የምትጣል ሳንቲም ናት። ከፈልኩ።

ከከፈልኩ በኋላም ልቤ አላረፈም። እዚህ አካባቢ ያሉ ወገኖች ዕድር ካቋቋሙ ቆይተዋል። አንድ ወዳጄ ለዓመታት «ግባ እንጂ» ሲለኝ፣ «ቅዳሜና እሑድ ሥራ ነኝ» እያልኩ ሸሽቻለሁ። የከበደኝ ገንዘቡ አልነበረም፤ መሄዱ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ ሃምሳዬን ብቻዬን ተሸክሜ ላረጅ ኖሯል።

በጥር የመጨረሻው እሑድ ስብሰባቸው ላይ ተገኘሁ። ጸሐፊው አባቴን የሚያህሉ ሽማግሌ ናቸው። ስሜን፣ አድራሻዬን፣ የቤተሰቤን ብዛት መዘገቡ። ከዚያ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ልጄ፣ ሰው ሲሞት ትመጣለህ?»

ኤኤአርፒ በላከልኝ ቅጽ ላይ ይህ ጥያቄ አልነበረም።

«እመጣለሁ፣ አባባ» አልኩ።

«ከቀረህ ቅጣት አለ» አሉኝ፣ ደረሰኙን እየቆረጡልኝ።