መነጽሩ የተቀመጠበት ብረት

ከአደን በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ሰውየው ጠመንጃውን አውሮራ፣ ኮሎራዶ ባለው ቤቱ የምግብ ጠረጴዛ ላይ አጋደመው። ካዝናውን ነቀለ፤ ጥይት እንደሌለው ሁለት ጊዜ አየ፤ ከዚያ መነጽሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይዞ ወደ ጎን ገፋው። አልተንቀሳቀሰም። ጠንከር አድርጎ ደገመው። ያን ጊዜ አንድ ነገር ተሰማው፤ ዓይን የማያየው፣ ጆሮ የማይሰማው፣ ጣት ብቻ የሚያውቀው ትንሽ መነቃነቅ። የላላው መነጽሩ አልነበረም። መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር የሚያያይዘው ብረት፣ መቀመጫው ነበር።

እናቱ ከሶፋው ላይ ሆነው «ምን አገኘህ?» አሉት።

«ምንም» አላቸው።

የሆነው እንዲህ ነው። ሮኪ ተራሮች ላይ፣ ከፍታው ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ ጎህ ሲቀድ አንድ ወንድ አጋዘን ከጥዱ ጥግ ወጣ። ጆሮው የበቅሎ ጆሮ የሚያህል፣ አሜሪካኖቹም በዚሁ ምክንያት በበቅሎ ስም የሚጠሩት ዓይነት ነው። ርቀቱ 180 ሜትር ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ልጁ ከጎኑ በደረቷ ተኝታ በባይናኩላር ታያለች። ነፋስ የለም። ጠመንጃው ሻንጣው ላይ ተደግፏል። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ከፊት እግሩ ኋላ፣ ሳንባው ላይ አነጣጥሮ ምላጩን ሳበ። ልጁ ቀስ ብላ «አባዬ፣ ወደ ኋላ ሄደብህ» አለችው።

ጥይቱ ያረፈው ሆዱ ላይ ነበር። ሆዱን የተመታ አጋዘን ወዲያው አይወድቅም፤ ይሄዳል። አባትና ልጅ የደም ጠብታ እየፈለጉ እስኪጨልም ተከተሉት። በማግስቱ ጠዋት ከአንድ ወንዝ ዳር በረዶ ላይ ተኝቶ አገኙት። ቀዝቅዟል። ልጅቱ ምንም አልተናገረችም፤ ጓንቷን አውልቃ አንገቱን ዳበሰችውና ተነሣች።

ከዚያ በፊት ባደናቸው ሦስት አጋዘኖች ሁሉ ነፍሳቸው ሳትወጣ ደርሷል፤ በስመ አብ ብሎ ቢላውን አሳርፏል። እናቱ የሚበሉት ያን ብቻ ነው። የነቢያት ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ስለነበር ለቅበላ ሥጋ አመጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶላቸው ነበር። የኮሎራዶ ሕግ የታደነ እንስሳ ሥጋ ሜዳ ላይ ተጥሎ እንዲቀር አይፈቅድምና፣ የሚበላውን ለይተው አመጡት። እናቱ «ሞቶ ነው የተገኘው?» ብለው ጠየቁ። መልሱን ከፊቱ ላይ አነበቡት። «እናንተ ብሉ፤ እኔን ተወኝ» አሉ። በዚያ ቅበላ ለእሳቸው ዶሮ ተሠራ።

ሰውየው ለሦስት ቀን ጥፋቱን ሲፈልግ የሰነበተው ከእጁና ከዓይኑ ላይ ነበር። ዓይኑን መጠርጠሩ አይገርምም፤ መነጽሩን የገዛውም በዓይኑ ምክንያት ነው። ሃምሳውን ካለፈ ወዲህ ከአፈሙዙ አጠገብ ያለችው የፊት ማነጣጠሪያ ጭጋግ እየመሰለች አስቸግራዋለች። አባቱ ግን መነጽር የሚባል ነገር ጠመንጃ ላይ አላወቁም። ክቡር ዘበኛ ነበሩ፤ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። የመጀመሪያው ቃኘው በ1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ፣ ኮሪያ ሲደርስ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነበር የተሰለፈው። አባቱ ስለ ውጊያው ብዙ አያወሩም፤ ስለ ጠመንጃቸው ግን ሲያወሩ አይጠግቡም ነበር። ኤም ዋን። ስምንት ጥይት በአንድ ብረት ተቆንጥጦ ከላይ ይጎርሳል፤ ስምንተኛው ሲተኮስ ባዶው ብረት ቅጭል ብሎ ወደ ላይ ይዘላል። ፎቶግራፋቸው ዛሬም ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከሲታ ወጣት፣ ትከሻው ላይ ጠመንጃ።

ሰውየው አሜሪካ ገብቶ አደን ሲለምድ፣ ሱቁ ውስጥ ከተደረደሩት ቀላልና ዘመናዊ ጠመንጃዎች ሁሉ ዓይኑ ያረፈው የዚያ ጠመንጃ ልጅ ላይ ነበር። ኤም ዋንን የተካው ኤም 14 እ.ኤ.አ. በ1957 ለአሜሪካ ጦር የተመረጠ ነው። ለሲቪል ገበያ የሚሠራው ወንድሙ ኤም ዋን ኤ ይባላል፤ ምላጩን አንዴ ሲስቡት አንዴ ይተኩሳል፣ የሚቀጥለውን ጥይት ራሱ ያጎርሳል። ብረትና እንጨት ነው። ከነመነጽሩ አምስት ኪሎ ያልፋል። ጓደኞቹ «ድንጋይ ተሸክመህ ተራራ ትወጣለህ» እያሉ ይስቁበታል። እሱ ግን ሰደፉን ትከሻው ላይ ባሳረፈ ቁጥር ፎቶግራፉ ይታወሰዋል።

ችግሩ ይህ ቤተሰብ መነጽር አለመውደዱ ነው። ኤም ዋን ከላይ ስለሚጎርስ አናቱ ላይ ምንም ነገር ሊቀመጥበት አይችልም። ጦሩ ለአልሞ ተኳሾች ባዘጋጃቸው ዓይነቶች መነጽሩን ወደ ግራ ገፋ አድርጎ ነበር ያሰረው። ኤም 14 ካዝናው ከታች ቢሆንም የአባቱን ልማድ አልተወም፤ ካዝናውን ሳይነቅሉ ከላይ ጥይት ለመሙላት የሚያገለግል ማስገቢያ አናቱ ላይ ቀርቶለታል፣ ቀልሃውንም ወደ ላይና ወደ ቀኝ ይተፋል። ስለዚህ የመነጽሩ መቀመጫ የሚንጠለጠለው ከግራ ጎኑ ነው። እዚያ አንድ የብሎን ቀዳዳ አለ። አንድ ብቻ።

ሰውየው ለመነጽሩ ዘጠኝ መቶ ዶላር ከፍሏል። ለመቀመጫው ስልሳ። «ብረት ብረት ነው» ብሎ ነበር።

የላላውን ነገር ባገኘበት ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቶ አሰላው። መነጽሩን በሚይዙት ሁለት ቀለበቶች መካከል ያለው ርቀት አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከሁለቱ አንደኛው የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ፣ ማለትም የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል፣ ወደ ጎን ቢሸሽ ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ አሥር ሴንቲ ሜትር ይስታል። በ180 ሜትር ላይ አሥራ ስምንት። አሥራ ስምንት ሴንቲ ሜትር ደግሞ ከአጋዘን ሳንባ እስከ ሆዱ ለመድረስ ይበቃል።

ከስሌቱ ይልቅ እንቅልፍ የነሣው ግን ሌላ ነገር ነበር። መስከረም ላይ ተኩስ መለማመጃው ቦታ ሄዶ ሲሞክር ጥይቶቹ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ቀኝ ወድቀውበት ነበር። መነጽሩ ጎን ላይ መዘውር አለው፤ አንድ ቀጭ ሲል ጥይቱን በ100 ሜትር ላይ ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ያዛውራል። ስድስት ጊዜ ቀጭ አደረገው፤ ተስተካከለ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ወደ ግራ ሄደበት። መልሶ አዞረው። ለምን እንደሚንከራተት አልጠየቀም። መዘውሩ እጁ ላይ ነበር፤ ማዞሩ ቀላል ነበር፤ ወረቀቱም ላይ ሁሉ ነገር ደህና መሰለ።

በዚያች ሌሊት አባቱ ትዝ አሉት። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ድምፃቸው በስልክ እየሰለለ ሲመጣ ይሰማው ነበር። «ደህና ነኝ፤ አንተ ሥራህን ሥራ» ይሉታል። እሱም በየወሩ የሚልከውን ገንዘብ ከፍ አደረገ። ድምፃቸው ሲደክም እንደገና ጨመረ። ገንዘቡ ይደርሳል፣ ምርቃቱ ይመጣል፣ ነገሩ የተስተካከለ ይመስላል። ምን እንደላላ ሄዶ አላየም። ደብረ ብርሃን የደረሰው ለአርባቸው ነው። እናቱን ይዞ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነበር።

ጠዋት ቡና ሲጠጡ «እማዬ» አላቸው፤ «አጋዘኑ ላይ የደረሰው ጥፋት የኔ ነው። መስከረም ላይ አይቼው ነበር፤ አለፍኩት።»

እናቱ ስኒያቸውን ሳያስቀምጡ አዩት። «ካወቅኸውማ አጥብቀው» አሉ።

ማጥበቅ ብቻውን ግን አልበቃም። ከከተማው ወጣ ብሎ ጋራዡ ውስጥ ጠመንጃ የሚጠግን አንድ ሽማግሌ አለ፤ በወጣትነቱ ውትድርና ላይ ይህንኑ ጠመንጃ ተሸክሟል። ሽማግሌው መቀመጫውን ነቅሎ ወደ መብራቱ አስጠጋውና ውስጡን አሳየው። ብረቱ ጠመንጃውን የነካው አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነበር፤ ሌላው ቦታ ቀለሙ እንኳ አልተነካም። «ጠመንጃህን አልያዘውም» አለው፤ «ተደግፎት ነው የከረመው።»

ከዚያ ስለ ጠመንጃው ጠባይ አስረዳው። በእጅ የሚያጎርሱት ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ አንዴ ይራገጣል፤ አለቀ። ራሱ የሚያጎርሰው ግን ሁለት ጊዜ ነው የሚመታ። መጀመሪያ ወደ ኋላ ይራገጣል፤ ቀጥሎ ከባዱ የውስጥ ብረት ጥይት ይዞ ወደ ፊት ሲመለስ በርሜሉ ኋላ ላይ ይላተማል። መነጽሩ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይናጣል ማለት ነው። አንድ ብሎን ለአንድ አቅጣጫ ይችል ይሆናል፤ ሲወዘወዝ ግን እንደ ጥርስ ይነቃነቃል።

«ስትገዛ ሦስት ነገር ጠይቅ» አለው። «ስንት ቦታ ላይ ይይዛል? ከምን ብረት ነው የተሠራው? ያንተን ጠመንጃ፣ የሌላ ሰውን ሳይሆን ያንተን፣ ልክ ይገጥማል ወይ?»

ሽማግሌው ያወጣለት መቀመጫ ሦስት ቦታ ላይ የሚይዝ ነው፤ ጎኑ ላይ ባለው ብሎን፣ ጎኑ ላይ በተፈለፈለው ቦይ፣ ሦስተኛም አናቱ ላይ ያን የጥይት መሙያ ማስገቢያ ተክቶ በሚገባው ቁራጭ። ከኤም ዋን ዘመን የቀረችው ያች ቦታ አሁን መነጽሩን የምትሸከም ሆነች። ሰውየው ይህን ሲሰማ ፈገግ አለ፤ ለሽማግሌው ግን አላስረዳውም። መቀመጫው ከአሉሚኒየም ይልቅ ከአረብ ብረት የተሠራ ነበር። አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው፣ በብርድ የሚኮማተረው ከአረብ ብረት ወደ እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው። ጥሩ የአሉሚኒየም መቀመጫም ይሠራል፤ ቀላል በመሆኑ የሚመርጡት ብዙ ናቸው። ነገር ግን ቤት ውስጥ አስተካክሎ በረዶ ላይ ለሚተኩስ ሰው ሁለቱ ብረቶች አብረው ቢሞቁና አብረው ቢቀዘቅዙ ይሻላል። ሌላም ነገር አሳየው፤ መነጽሩ ዝቅ ብሎ ካልተቀመጠ ጉንጭ ከሰደፉ ላይ ይነሣል፣ ጉንጩ የተነሣ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ አያይም። ስለዚህ ሰደፉ ላይ የጉንጭ ማሳረፊያ ቆዳ አሰረለት።

አገጣጠሙ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሽማግሌው ዘይቱን በሙሉ ጠረገ። መቀመጫውን ቀለም ቀብቶ ገጠመው፣ ነቀለው፣ ቀለሙ የት እንደነካ አየ፣ በጥቂቱ ሞረደ፣ መልሶ ገጠመው። ብሎኖቹን በአንዴ አላጠበቀም፤ እያፈራረቀ፣ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ፣ ጥርሳቸው ላይ የብሎን ማጣበቂያ ጠብ አድርጎ ነው። «ብሎን በጉልበት አይጠብቅም፤ በልክ ነው» አለው። ዋጋው መነጽሩን ግማሽ ያህል ወሰደ። ሰውየው ሳይከራከር ከፈለ።

«አንድ ነገር ቀርቶሃል» አለው ሽማግሌው ሲሸኘው። «ብሎኑ አናት ላይ ጀምረህ መቀመጫው ላይ የሚያልቅ አንድ መስመር አስምር። ብሎኑ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፤ ከመተኮስህ በፊት ታያለህ።»

ነጭ ቀለም ቤት ውስጥ አልነበረም። ልጅቱ ከክፍሏ ቀይ የጥፍር ቀለም አመጣች። ጎንበስ ብላ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ እያንዳንዱ ብሎን ላይ ቀጭን መስመር አስመረች። እናቱ መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ አሉና «ጥፍር ነው ወይስ መሣሪያ?» ብለው ሳቁ። ከአደኑ ወዲህ እዚያ ቤት በጠመንጃው ዙሪያ ሲሳቅ የመጀመሪያው ነበር።

ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ሞከሩት። አምስት ጥይት ይተኩሳል፣ መስመሩ ይታያል፤ ጠመንጃው መኪና ውስጥ ሌሊቱን ብርድ ላይ ያድራል፣ ጠዋት አምስት ይተኮሳል። መዘውሩን አንድም ጊዜ አልነካውም። ጥይቶቹ በ100 ሜትር ላይ የቡና ስኒ አፍ በሚያህል ቦታ ውስጥ እየተሰበሰቡ ከረሙ። በዚያው ዓመት ሌላም ነገር አደረገ፤ የእናቱ እጅ ስኒ ሲይዝ መንቀጥቀጡን አየና ሐኪም ዘንድ ራሱ ወሰዳቸው፤ ፈቃድ ጠይቆ፣ አብሮ ገብቶ፣ እስኪጨርሱ ቁጭ ብሎ።

ኅዳር ሲገባ፣ ለአደን የሚነሡበት ሌሊት፣ ልጅቱ የስልኳን መብራት አብርታ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አየች።

«አልተንቀሳቀሰም» አለች።

ሰውየው ጠመንጃውን ሣጥኑ ውስጥ አስገብቶ ዘጋ። በሩ ጋ ሲደርስ እናቱ በነጠላቸው ተሸፋፍነው ቆመው አገኛቸው።

«ቢላውን ይዘሃል?» አሉት።

«ይዣለሁ፣ እማዬ።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ሻንጣውን ፈቶ አሳያቸው።