ባለኖራው ሄደ፣ ኖራው ቀረ

ጎንደር አራዳ ያለውን የአያቶቼን ቤት እናድስ ሲባል ቤተ ዘመዱ ሁሉ ድንገት መሐንዲስ ሆነ። ገሚሱ «አፍርሰን ፎቅ እንሥራ»፣ ገሚሱ «ታሪክ ነው፣ አንዲት ድንጋይ እንዳትነካ» አለ። መዋጮ ሲጠየቅ ሁለቱም ወገን እኩል ዝም አለ። ግንበኛው «እትዬ፣ በሲሚንቶ ለስነን እንገላገል» ቢላቸው፣ ቤቱን የሚጠብቁት አክስቴ «የፋሲል ግንብ እንኳ በእንቁላል ተቦክቶ ነው የቆመ!» ብለው አፉን አስያዙት። በዛሬው የእንቁላል ዋጋ ግን አንዲት ጓዳ ለመለሰን ቤቱን መሸጥ ሳያስፈልግ አይቀርም።

የልስኑን የዘር ሐረግ ስከተል ጎንደርን አስወጥቶ ጣና ዳር አወረደኝ። በ1610ዎቹ ዓ.ም. በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ጎርጎራ አካባቢ በድንጋይና በኖራ ይገነቡ ነበር፤ ማርያም ግንብ የእነሱ ሥራ ነው። ከእነሱ አንዱ የነበረው ማኑኤል ደ አልሜዳ እንደጻፈው፣ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ለይቶ ያወጣው ከህንድ የመጣ ሰው ነው። ዐፄ ፋሲል በ1624 ነግሠው ሚስዮናውያኑን አባረሩ። ኖራቸውን ግን አላባረሩም፤ ግንባቸውን አሠሩበት። በሃይማኖት ተጣላሁ ብሎ ግድግዳን የሚያኮርፍ ንጉሥ አልነበሩም።

ጣልያንም በ1928 ጎንደር ገብቶ በ1934 ሲባረር ፒያሳን ጥሎልን ሄደ፤ ፖስታ ቤቱን እስከ ዛሬ እንገለገልበታለን። በነገሥታቱ ግንቦች ላይ በጥገና ስም የተለጠፈው ሲሚንቶ ግን ኋላ ተፈልፍሎ ወጥቶ ኖራ ተተካበት። ኖራ የጠጣውን እርጥበት መልሶ ያስወጣል፤ ሲሚንቶ አፍኖ ያስቀረዋል፣ ድንጋዩም ከውስጥ ይፈረፈራል።

እንግዲህ በከተማችን ወግ፣ ማቆየት ማለት ሁሉን እንዳለ ማስቀመጥ አይደለም፤ የሚሸኘውን ከሚቀረው መለየት ነው። ስለዚህ ሐሳብ አቀረብኩ፦ ግድግዳው በኖራ ይለሰን፣ አሮጌዎቹ የእንጨት መስኮቶች ይጠገኑ፣ ጓሮ ያለው መጸዳጃ ግን ወደ ቤት ይግባ። «አይነካ» ባዮቹ መጸዳጃውም ታሪክ ነው ብለው ተቆጡ። እነሱ የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው፤ በሐምሌ ሌሊት ጃንጥላ ይዘው ጓሮ የሚወጡት አክስቴ ናቸው። የማን ድምፅ ሊከብድ እንደሚገባ ለዐፄ ፋሲልም አይጠፋቸውም ነበር።