ፈሪ ለእናቱ

«ፈሪ ለእናቱ» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ስድብም ነው፣ መጽናኛም ነው፤ ጀግናው ላገሩ ሲወድቅ ፈሪው ለወለደችው ይተርፋል እንደ ማለት። እኔ ከውትድርና ሸሽቼ ነፍሴን አተረፍሁ፤ ለእናቴ ግን አልተረፍሁላትም። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው አባባል አልተተረፈለትም።

የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥሩ 238 ነበር። ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ኢትዮጵያዊ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ያዝዛል። ወረቀቱ ላይ ሲያነቡት ልክና መጠን ያለው ሕግ ይመስላል። ወደ ሰፈር ሲወርድ ግን ኮታ ይሆናል፤ ይህን ያህል ወጣት አምጡ ይባላል፣ ቁጥሩ ካልሞላ አፈሳ ይከተላል። ከገበያና ከኳስ ሜዳ ከታፈሱት የሰፈሬ ልጆች ሁለት ዓመቱን ጨርሶ የተመለሰ አላየሁም። መጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአበት ላይ የነበረው ጦር ከተሰበረ በኋላ አፈሳው በረታ። በዚያው ዓመት በመተማ በኩል ሱዳን ገባሁ። ሃያ ዓመቴ ነበር።

ካርቱም ውስጥ በአንድ ዳቦ ቤት ዱቄት ተሸካሚ ሆንሁ። የመኖሪያ ፈቃድ ስላልነበረኝ ደመወዜን የሚወስነው የባለቤቱ ርኅራኄ ነበር። ፈቃድ የሌለውን እየለቀሙ መውሰድን ሱዳኖች «ከሻ» ይሉታል። ቃሉ ዐረብኛ ሆነ እንጂ ለእኛ ያው አፈሳ ነው። ወሬው በሰፈሩ ሲናፈስ እኛ ሐበሾች በየጓዳው እንሸሸግ ነበር። ድንበር መሻገር ከመሸሸግ አያወጣም ለካ።

ማመልከቻ ይጽፉልን የነበሩ አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ መሞት አልፈለግሁም ብለህ እንዳትናገር፤ መሞትን ማን ይፈልጋል?» አሉኝ። ነገራቸው ከሕጉ የራቀ አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው መምሪያ፣ ከውትድርና መሸሽ የሚያስከትለውን ቅጣት መፍራት ብቻውን ሰውን ስደተኛ እንደማያሰኘው ይገልጻል፤ ሕሊናው ከልብ እንቢ ላለ ሰው ግን በር ይተዋል። ስለዚህ ጠያቂው ፊት ስቀመጥ ሁለት ፍርሃቶቼን መለየት ነበረብኝ፤ እሞታለሁ የሚለውንና እገድላለሁ የሚለውን። «የምተኩሰው ያገሬ ልጅ ላይ ነው» አልሁ። እውነት ነበር። የመጀመሪያውም ፍርሃት እውነት ነበር፤ ፎርሙ ላይ ግን ቦታ አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. በ1990 ዋሽንግተን ስገባ የመሥራት መብቴ ከስደተኝነቱ ወረቀት ጋር አብሮ መጣ። እንደ ብዙው ያገሬ ልጅ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ተቀጠርሁ። በወሩ ውስጥ ሌላ ካርድ መሙላት ግድ ሆነ፤ ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ወንድ፣ ስደተኛም ቢሆን፣ ለውትድርና መመዝገብ ነበረበት። አገሪቱ በግዳጅ መመልመልን እ.ኤ.አ. በ1973 አቁማለች፤ ምዝገባው ለክፉ ቀን ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ እስክሪብቶውን የያዘው እጄ ግን አላወቀውም። ይህችው አገር ከቬትናሙ ምልመላ የሸሹ ልጆቿን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 1977 በፕሬዚዳንት ካርተር አዋጅ ምራለች። ብዙዎቹ ካናዳ ገብተው ሥራና መኖሪያ ሲፈልጉ የኖሩ ናቸው። ይህን ካነበብሁ በኋላ፣ ከመኪና ማቆሚያው በሚያልፉት ሽበታም ሰዎች መካከል ወንድሞች ያሉኝ መሰለኝ።

የሸሸሁት መንግሥት ግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ። የመኖሪያ ፈቃዱ ተራ፣ የዜግነቱ ተራ እያልሁ ስጠብቅ ግን ዓመታት ነጎዱ፤ ፓስፖርት እጄ ሲገባ እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። ለዜግነት ቃል ስገባ ከቃሉ ውስጥ አንዱ ሐረግ ሕግ ሲያዝ ጦር መሣሪያ ስለ መያዝ ይናገራል። ሃይማኖቱ የሚከለክለው ሰው ሐረጉ እንዲቀርለት መጠየቅ ይችላል። እኔ አልጠየቅሁም። እንቢ ያልሁት የወንድሜን ደረት የሚያነጣጥረውን ጠመንጃ ነበር እንጂ፣ ስለ ጠመንጃ ሁሉ የተማርሁት ሃይማኖት የለኝም።

በሦስት አገር ብዙ ፎርም ሞልቻለሁ። ለምን እንደ ሸሸሁ፣ በየት እንዳለፍሁ፣ ምን እንደምሠራ ሁሉም ጠይቀውኛል። አንዲት ጥያቄ ግን የትኛውም ላይ አላገኘሁም። ኮታ ባዶ አይቀርምና፣ በኔ ፋንታ የሄደው ልጅ ማን ይሆን? ብመለስም ኖሮ በሌላው ላይ መተኮሴ አይቀርም ነበርና መሸሼ አይቆጨኝም። ሆኖም ያ ልጅ እናት ነበረችው። ለእርሷ ማን ተረፈላት?