ትከሻ ወይስ አገጭ?

ረጅሙን ፀጉሬን ለማስቆረጥ ከወሰንኩ ወር አለፈኝ፤ ያስቸገረኝ ርዝመቱን መምረጥ ነበር። ትከሻ ድረስ ወይስ አገጭ ድረስ? ሌላ አገር ላለ ሰው ቀልድ ይመስላል። ካኩማ ላይ ግን ፀጉር ማለት ውኃ ነው፤ ውኃ ማለት ደግሞ ቦኖ ላይ ወረፋ ነው። ያቺ 20 ሊትር ጀሪካን ለወጡም፣ ለልጆቹ ገላም፣ ለልብሱም ናት።

ጎረቤቶቼ "አገጭ ድረስ ቁረጪውና ተገላገዪ" ሲሉኝ ሰነበቱ። እውነታቸውን ነው፣ አጭር ፀጉር ለአንድ እጥበት ትንሽ ውኃ ይበቃዋል። ግን ተለቆ ስለሚዋል የቱርካና አቧራ በየቀኑ ይገባበታል፤ ቶሎ ቶሎ መታጠብም ይፈልጋል። ትከሻ የደረሰ ፀጉር ግን ሹሩባ በደንብ ይይዛል፤ ሻሽ ከታሰረበት ሁለት ሳምንት ያቆያል። ሹሩባውን ደግሞ ማታ ማታ እርስ በርስ እንሠራራለን፤ ገንዘብ አያስወጣ፣ ወሬውም እዚያው ነው።

ስለዚህ ትከሻን መረጥኩ። እናንተም ካሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ከርዳዳ ፀጉር ሲረጥብ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። እርጥቡን ይዛችሁ "እዚህ ድረስ" አትበሉ፤ ትከሻ ያላችሁት አገጭ ላይ ይቀራል።