የማንቀምሰው ፓይ

እኛ ሁለት እህትማማቾች ነን፤ ሁለታችንም አርባን አልፈናል። ከሞያሌ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡናና ነጠላ እያመጣን ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ እንሸጣለን። ዲሴምበር ሲገባ ገበያችን ይቀዘቅዛል። የናይሮቢ ሰው ወደየትውልድ ቦታው ይሄዳል፤ የሀበሻው ደንበኛም እስከ ገና ሰሞን ድረስ እጁን ይሰበስባል። ጃንዋሪ ላይ ደግሞ በኬንያ አዲሱ የትምህርት ዓመት ይጀምራል፤ የልጆች ክፍያ ገበያ ቀዘቀዘ ብሎ አይጠብቅም። ሚንስ ፓይ መጋገር የጀመርነው ይህን ክፍተት ለመሸፈን ነው።

ሚንስ ፓይ እንግሊዞች ለገና የሚጋግሩት፣ በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ ክብ ነገር ነው። ከውጭ በቅቤ የታሸ ስስ ሊጥ፣ ከውስጥ ዘቢብ፣ ፖም፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቡናማ ስኳር፣ ሞራና ቅመም አለው። ድሮ እውነተኛ የተከተፈ ሥጋ ይገባበት ነበር፤ ስሙም ከዚያ የቀረ ነው። በጊዜ ብዛት ሥጋው ቀርቶ ሞራው ብቻ ተረፈ። ታናሽየዋ ይህን የተማረችው ናይሮቢ ውስጥ አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ቤት ስትሠራ ነው። ታላቅየዋ ደግሞ የንግድ ዲፕሎማ ስላላት ሒሳቡን ያዘች። ቀረፋውም፣ ገውዙም፣ ከዛንዚባርና ከፔምባ የሚመጣው ቅርንፉድም በየቀኑ አጠገባችን የሚሸጥ ነው። ይህ ሥራ ለእኛ የተፈጠረ መሰለን።

ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር። የፈረንጆቹ ገና ዲሴምበር 25፣ የእኛ ጃንዋሪ 7 ነው። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ቀን ነው። እንግዲህ ፓይ የሚሸጥበት ወቅት በሙሉ ጾም ነው ማለት ነው። ቅቤውን እናሻለን፣ ሞራውን እንከትፋለን፣ ግን ምላሳችን ላይ አናሳርፈውም። እናታችን በስልክ ስትሰማ ተቆጣች።

«በጾም ቅቤ ትዳስሳላችሁ?»

«እማዬ፣ እንዳስሳለን እንጂ አንቀምስም» አልናት።

«ሳይቀመስ የሚሸጥ ምግብ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?» አለች። የዚያን ቀን ሳቅንባት።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቢሮ ለሠራተኞቹ ግብዣ 240 ፓይ አዘዘን፤ አንዱ በ50 ሺሊንግ፣ በጠቅላላው 12,000። ለመጀመሪያው የትምህርት ክፍያ የጎደለን ልክ ያን ያህል ነበር። ሁለት ሌሊት ሙሉ ጋገርን። መልኩ ያማረ ነበር፤ ክዳኑ ላይ የኮከብ ቅርጽ አውጥተንበት፣ ስኳር ነስንሰንበት በካርቶን አድርገን አደረስን። በሦስተኛው ሰዓት ስልክ ተደወለ። «ኑና ውሰዱት፤ አፋችን ደነዘዘ» አሉን።

ጥፋቱን ያገኘነው ደብተራችን ውስጥ ነው። ለ240 ፓይ «የተፈጨ ቅርንፉድ፣ 2 ማንኪያ ተኩል» ይላል። የምን ማንኪያ እንደሆነ አይልም። ታናሽየዋ ስትጽፈው የሻይ ማንኪያ ማለቷ ነበር፤ ታላቅየዋ የሰፈረችው በሾርባ ማንኪያ ነው። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ቅርንፉድ ሲበዛ አፍ እንደሚያደነዝዝ ጥርሱን ታሞ የያዘበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ልጆቹ ቤት ቢኖሩ ይቀምሱልን ነበር፤ እነሱ ግን ትምህርት ተዘግቶ ሞያሌ አያታቸው ዘንድ ነበሩ።

ካርቶኖቹን ተሸክመን ደረጃ ስንወጣ ጎረቤታችን በሯን ከፈተች። ድሬዳዋ ያደገች ሶማሌ ናት፤ አማርኛዋ ከእኛ ይፈጥናል።

«እናንተዬ፣ ምን ሆናችሁ?» አለች። ነገርናት። አንዱን አንስታ ወደ አፏ ልታስጠጋ ስትል ቆመችና «መጠጥ አለበት?» ብላ ጠየቀች። ብራንዲ እንዳለበት ነገርናት። መልሳ አስቀመጠችው።

«ቅርንፉዱ እንኳ ከታችኛው ፎቅ ጀምሮ ይሸታል። መጠጥ ባይኖርበት፣ ስቡም ሃላል ቢሆን ኖሮ ትናንት ቀምሼ እነግራችሁ ነበር። በር ለበር እየኖርን ምነው ዝም አላችሁ?»

መልስ አልነበረንም። ለምን እንዳልጠየቅናት ስናስበው ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፤ ጾማችን የእኛ፣ ሥራችንም የእኛ ጉዳይ ነው ብለን ነበር።

በማግስቱ ብራንዲውን ትተን በብርቱካን ጭማቂ፣ ሞራውንም ከሃላል ሥጋ ቤት ገዝተን እንደገና ሠራን። እሷ ቀመሰች፤ «ጨው ሊጡ ላይ ቆንጠር አድርጉ፤ ቅርንፉዱ አሁን ልክ ነው» አለች። ናሙናውን ይዘን ቢሮው ሄድን፣ ይቅርታ ጠየቅን፤ 120 ለመቀበል ተስማሙ። ሒሳቡ ይህ ነው፤ ለመጀመሪያው 9,000፣ ለሁለተኛው 4,500 አወጣን፤ 6,000 ተቀበልን። ኪሳራ 7,500። የልጆቹን ክፍያ ለማሟላት ለገና ገበያ ያስቀመጥነውን ቡና በገዛንበት ዋጋ ለሌላ ነጋዴ ለቀቅን። ከተመለሰው ፓይ ግማሹን ለሕንፃው ጥበቃዎች ከሻይ ጋር ሰጠን፤ የቀረው ተጣለ።

ኪሳራውን ስንጽፍ ሌላ ጉድ ወጣ። ትዕዛዙ ሳይበላሽ ቢሸጥ እንኳ አትርፈን አልነበረም። የአንዱ ፓይ ዕቃ ከነጋዙና ከነካርቶኑ 37 ሺሊንግ ተኩል ይወስዳል። በ50 ስንሸጥ ከ24 ፓይ 300 ሺሊንግ ይተርፋል። 24 ፓይ ለሁለት ሰው የ3 ሰዓት ሥራ ነው፤ በጠቅላላው 6 ሰዓት። ጉልበታችንን በሰዓት በ50 ሺሊንግ ስንሸጥ ነበር ማለት ነው። ዲፕሎማ ያላት ታላቅየዋ በርበሬ ስትገዛ የጫኝና አውራጁን ሳንቲም ሳይቀር ትቆጥራለች፤ የራሷን እጅ ግን አልቆጠረችም። ቤት ውስጥ የተሠራ ሥራ ለሴት ሥራ አይመስላትም። በሁለተኛው ዓመት ዋጋውን 90 አደረግነው። የሄዱ ደንበኞች አሉ፤ የቀሩት ግን በቂ ናቸው።

መጋገር ለምትፈልጉ፣ ለ24 ፓይ የምንጠቀመው ይህ ነው። ለውስጡ 150 ግራም ዘቢብ፣ በደቃቁ የተከተፈ 1 ትልቅ ፖም፣ 60 ግራም ደቆ የተከተፈ ሞራ፣ 80 ግራም ቡናማ ስኳር፣ የ1 ብርቱካን ልጣጭና ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ገውዝ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቅርንፉድ። ደባልቆ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሌሊት ማሳደር ነው። መጠጥ ስለሌለው ብዙ አይቆይም፤ እኛ ከአንድ ሳምንት አናሳልፈውም። ለሊጡ 500 ግራም ዱቄት፣ 250 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ፣ ቆንጠር ያለ ጨውና ሊጡን ለመያዝ ብቻ የሚበቃ ቀዝቃዛ ውኃ። እንግሊዝ አገር ዲሴምበር ብርድ ነው፤ ናይሮቢ ግን ሙቀት ስለሆነ ቅቤው እጅ ላይ ይቀልጣል። ስለዚህ በሌሊት አሽታችሁ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አሳርፉት። ከዚያ በ200 ዲግሪ 20 ደቂቃ ያህል፣ ጠርዙ ቡላ እስኪመስል። ደብተራችሁ ላይ ደግሞ የማንኪያውን ዓይነት ጻፉ።

ጎረቤታችን እስከ ዛሬ ትቀምስልናለች። ገንዘብ ስንሰጣት እምቢ አለች፤ ለልጆቿ አንድ ካርቶን ትወስዳለች። በረመዳን ደግሞ ለማፍጠሪያ የምትሸጠውን ሳምቡሳ ጨው የምንቀምስላት እኛ ነን። ያውም የምስሩን ብቻ፤ በእነዚህ ዓመታት ረመዳንና ዐቢይ ጾም እየተገናኙ የሥጋውን እኛም እሷም መቅመስ አልቻልንም። እሱን ትንሹ ልጇ ይቀምሳል፤ ለእሱ ሁሉም ጥሩ ነው።

እንግሊዞች ከገናቸው ቀን ጀምሮ ለ12 ቀን በየቀኑ አንድ ፓይ የበላ መጪዎቹ 12 ወራት ይሳኩለታል የሚል የቆየ ልማድ አላቸው። እነሱ ሲጨርሱ የእኛ ገና ይደርሳል። አንድ ካርቶን በረዶ ቤት እናስቀምጥና በገና ዕለት ከዶሮው በኋላ፣ ከቡናው ጋር እናሞቀዋለን። ዓመቱን የሠራነውን የምንቀምሰው ያን ጊዜ ነው።

ባለፈው ገና እናታችን ከሞያሌ መጥታ ነበር። አንዱን ቀስ ብላ አላመጠች።

«ስኳሩ ይበዛል» አለች። ቀጥላም «እውነት ሳትቀምሱ ነው የሠራችሁት?»

«ጎረቤታችን ቀምሳልናለች።»

«የቷ ጎረቤት?»

በሩን አሳየናት። እናታችን ነጠላዋን አስተካክላ ሁለት ፓይ በሳህን አደረገች፤ ዶሮም ጨመረችበት። ከዚያ «ዶሮው በእኛ የታረደ ነው» ስንላት ዶሮውን መልሳ፣ በምትኩ ዳቦ ቆርሳ ይዛ በሩን አንኳኳች።