የዊልያምስበርግ ሚያዝያ

በ1990ዎቹ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን የምንኖር ሐበሾች እንደ ዛሬው አልበዛንም ነበር። የፋሲካ ሰሞን ቤተሰብ ከቤተሰብ ተጠራርቶ፣ ድፎ ዳቦውንና የቡናውን ቴርሞስ ሸክፎ ወደ ዊልያምስበርግ ይነዳል፤ ሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ መጥተው ብርዱን ሙሉ አፓርታማ ውስጥ ተዘግተው የከረሙ እናቶች ደጅ ወጥተው አየር የሚያገኙት ያኔ ነበር።

የምንሄደው እንግሊዝ ቨርጂኒያን በምትገዛበት ዘመን የንጉሡ አገረ ገዥ ይቀመጥበት ወደነበረው ቤተ መንግሥት ነው። ከሕንፃው ጀርባ ባለው የአትክልት ቦታ፣ በሚያዝያ አጋማሽ፣ ቱሊፑ በየመደቡ ቀይና ቢጫ ሆኖ ይቆማል። ዙሪያውን ቦክስዉድ የሚባል ቅጠለ ደቃቅ ተክል እኩል ተከርክሞ አጥሮታል። ፀሐይ ሲያገኘው ሽታው ይከብዳል። እናቴ አንድ ቅጠል ቀንጥሳ፣ በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ ካሸተተች በኋላ፣ “ጤና አዳም ቢተክሉበት ምን ነበረበት?” ብላ ጣለችው። ልጆቹ የቅጠል ግድግዳ መንገድ ወደሚያጠፋበት ጥምዝምዝ ገብተው ጩኸታቸው ብቻ ይሰማል። እናቴ ግን አጥሩን በዓይኗ እየለካች፣ “ይህን ሁሉ ማን ነበር የሚከረክመው?” ስትል ጠየቀች።

ጥያቄዋ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ከአሜሪካ አብዮት በፊት ከከተማዋ ነዋሪ ከግማሽ የሚበልጠው ጥቁር ሕዝብ ነበር፤ አብዛኛውም ባሪያ። የእነሱ ታሪክ በከተማዋ ለጎብኚ በደንብ መነገር የጀመረው ከ1979 ወዲህ ነው።

በኋላ ሳነብ የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነው። ያ ቤተ መንግሥት በታኅሣሥ 1781 የዮርክታውን ጦርነት ቁስለኞች ሆስፒታል ሆኖ ሳለ ተቃጥሎ ወድሟል። በ1926 ጉድዊን የተባሉ ቄስ ባለጸጋውን ጆን ሮክፌለር ጁኒየርን አግባብተው ከተማዋን የማደስ ሥራ አስጀመሩ። ቶማስ ጄፈርሰን በእጁ የነደፈው የቤቱ ፕላን ተገኘ፤ ኦክስፎርድ ከሚገኝ ቤተ መጻሕፍትም ሕንፃው የተቀረጸበት የመዳብ ሰሌዳ ወጣ። በ1930 መሬቱ ሲቆፈር ግን የ156 ወንዶችና የሁለት ሴቶች መቃብር ብቅ አለ። አትክልት ቦታውን የነደፈው አርተር ሸርክሊፍ ነው፤ ጥምዝምዙን የሠራው እንግሊዝ አገር ያለውን የሃምፕተን ኮርት አይቶ ነው። እንደገና የተሠራው ቤተ መንግሥት ለጎብኚ የተከፈተው በ1934 ነው። ብዙ ተመራማሪዎች የከተማዋ አትክልት ቦታዎች በጥንቱ ዘመን ከነበሩት በላይ ተሽሞንሙነዋል ይላሉ። እኛ የጥንት ብለን የተመላለስንበት አበባ እንግዲህ የ1930ዎቹ ሰዎች ትዝታ ነው። የናፈቁትን ዘመን እንደሚያምርላቸው አድርገው ተከሉት።

አልፈርድባቸውም። የእኔም ትዝታ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ቱሊፑን፣ ዳቦውን፣ የእናቶችን ነጠላ አምጥቶ ይደረድርልኛል። የፓርኪንግ ሌሊት ፈረቃ ሠርተው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ሳይተኙ መሪ የጨበጡትን አባቶች ግን ፈልጌ ካልጠራኋቸው አይመጡም። ከእነዚያ እናቶች አንዳንዶቹ እዚሁ ቨርጂኒያ አረፉ፤ ሌሎቹ “አገሬ ልቀበር” ብለው ተመለሱ። ልጆቹ አድገው በየስቴቱ ተበትነዋል፤ ያ በሰልፍ የሚነዳ ጉዞም ቀረ።

እዚህ አካባቢ የምትኖሩ፣ እናት አባታችሁ በእግራቸው መቆም ሳያቅታቸው በሚያዝያ ይዛችኋቸው ሂዱ። ስትደርሱም ፎቶ ተነሥታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ከቤተ መንግሥቱ ጎን የሆስፒታሉ ወታደሮች የተቀበሩበት ቦታ አለና እሱንም አሳዩአቸው፤ የጥንቱን አጥር ይከረክሙ ስለነበሩት ሰዎችም ንገሯቸው።